ደጋግማችሁ ለወደቃችሁበት የሙያ ፈተና እንደገና መቀመጥ፦ ከውጤቱ ማግስት እስከ ፈተናው ማታ

ለኤሲሲኤ (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ ነው) የኦዲት ፔፐር፣ ማለትም የኦዲት ፈተና፣ አምስት ጊዜ ተፈትኛለሁ። ውጤቶቼ በተራ 41፣ 46፣ 44፣ 48 እና 57 ናቸው። ማለፊያው 50 ነው። 48 የመጣ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። መልእክቱን አነበብኩ፣ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ረዳቱ ሒሳብ የጠየቀኝ ሁለቴ ደጋግሞ ነው፤ አልሰማሁትም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አንድ ጊዜ ለወደቀ ሰው አይደለም። አንዴ የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ምን እንዳጎደለ ያውቃል፦ ሳያጠና ገብቷል ወይም ፈተናውን ንቆታል። ሁለቴና ሦስቴ የወደቀ ሰው ችግር ሌላ ነው። መጽሐፉን ጨርሶታል፣ ርዕሱን ቢጠይቁት ያስረዳል፣ ግን ይወድቃል። ከዚያ ያው መጽሐፍ ላይ ይመለሳል። እኔም አራት ዙር ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ በአምስተኛው የተለወጠው የጥናቱ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነበር።

ስለ ፈተናው ለማያውቅ፦ ኤሲሲኤ በጠቅላላው 13 ፔፐር አለው፤ ሦስት በመጀመሪያው ደረጃ፣ ስድስት በመካከለኛው፣ አራት በመጨረሻው። ኦዲት ከመካከለኛዎቹ አንዱ ሲሆን፣ በየዙሩ በዓለም ዙሪያ ከሚፈተኑት ውስጥ የሚያልፉት አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ያንሳሉ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን መከተል ከጀመረች ወዲህ ይህን ወረቀት የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት በዝቷል፤ ስለዚህ ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶ ማታ ማታ ይህንኑ የሚያጠና ሰው ጥቂት አይደለም። የጥብቅና ፈቃድ ወይም የጤና ባለሙያዎች ምዘና ለምትፈተኑም ዝርዝሩ ይለያይ እንጂ መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ሰባት ቀን ምንም አትወስኑ

ውጤቱ በመጣበት ቀን «በቃኝ» ማለትም፣ እዚያው ለሚቀጥለው ዙር መመዝገብም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከንዴት ይመጣሉ። 46 ካገኘሁ በኋላ ተናድጄ ወዲያው ተመዘገብኩ። ውጤት የሚወጣው ከፈተናው ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ስለሆነ እስከሚቀጥለው ዙር የሚተርፈው ሰባት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ሰባት ሳምንት ውስጥ አንድም ነገር ሳልለውጥ ገብቼ 44 ይዤ ወጣሁ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ቁጥሩን ለአንድ ሰው ንገሩ። «አልተሳካም» ብቻ አትበሉ፤ «48 አገኘሁ፣ ሁለት ማርክ ጎደለኝ» በሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላልና ለሁሉም መንገር አይጠበቅባችሁም። ግን የተደበቀ ቁጥር ውስጥ ውስጡን ይበላል። እኔ ለባለቤቴ እስክነግራት አራት ቀን ፈጀብኝ። ከነገርኳት በኋላ ያንን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ደረጃ 2፦ ውድቀታችሁን ኦዲት አድርጉ

ኦዲተር «ይመስለኛል» ብሎ አስተያየት አይሰጥም፤ ማስረጃ ይሰበስባል። ስለ ራሳችን ውድቀት ስንናገር ግን ሁላችንም በይመስለኛል ነው የምንናገረው። «ከበደ»፣ «ጊዜ አነሰ»፣ «ዕድል የለኝም»። እነዚህ ስሜቶች ናቸው፤ ከእነሱ ተነስቶ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም።

በስምንተኛው ቀን አንድ ደብተር ክፈቱና ለእያንዳንዱ ፈተናችሁ አንድ ገጽ ስጡ። የማስታውሳችሁ፦ የፈተናውን ጥያቄ ጽፎ ማስቀመጥም ሆነ ለሌላ ማካፈል ክልክል ነው። የምትጽፉት ስለ ጥያቄው ሳይሆን እናንተ ስላደረጋችሁት ነው። ባዶ የተዋችሁት ክፍል ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጀምሩ ስንት ደቂቃ ቀርቷችሁ ነበር? ከመፈተናችሁ በፊት በሰዓት ተገድባችሁ ሙሉ ፈተና ስንቴ ሠራችሁ? የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት በምን አሳለፋችሁ? የሥራ ጫና በየትኛው ወር ነበር?

የእኔ ደብተር እንዲህ አለኝ፦ በአራቱም ዙር የመጨረሻው ባለ 20 ማርክ ጥያቄ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። በአራቱም ዙር በሰዓት ተገድቤ የሠራሁት ሙሉ ፈተና ዜሮ ነው። ያነበብኩት ሰዓት ከ150 በላይ፣ የጻፍኩት ምናልባት አሥር። ይህን አፍጥጬ ሳየው ደነገጥኩ፤ ቀለልም አለኝ። ምክንያቱም ችግሩ ጭንቅላቴ ሳይሆን ልማዴ ነበር፤ ልማድ ደግሞ ይቀየራል።

ደብተሩ ሲያልቅ ምክንያቱን ከሦስት አንዱ ላይ አሳርፉት፦ አለማወቅ፣ ማወቅ ግን አለመጻፍ፣ ወይም የኑሮ ጫና። አብዛኞቻችን የመጀመሪያው ነው ብለን እናስባለን። ከ40 በላይ ደጋግሞ የሚያገኝ ሰው ግን ዕውቀቱ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለቱ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ነው። ውጤታችሁ በ20ዎቹ ውስጥ ከሆነ ግን ይህን አትስሙ፤ መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ያዙ።

ደረጃ 3፦ ዙሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ምረጡ

የመካከለኛውና የመጨረሻው ደረጃ ፈተና በዓመት አራት ጊዜ ነው፦ በማርች፣ በጁን፣ በሴፕቴምበር እና በዲሴምበር መጀመሪያ። ወደ እኛ ስትመልሱት የካቲት መጨረሻ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ነሐሴ መጨረሻ እና ኅዳር መጨረሻ ላይ ይውላል። አሁን ከሥራችሁ ጋር አስተያዩት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሐምሌና ነሐሴ መተንፈሻ የለውም፤ በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ መብራት ይጠፋል፣ መንገዱ በጎርፍ ይዘጋጋል። 48ን ያመጣሁት የነሐሴውን ፈተና ሒሳብ እየዘጋሁ ተቀምጬ ነው። ግንቦትም የመዝጊያው ዋዜማ ነው። ኅዳር ከግብር ማስታወቂያው ግርግር ብዙም አይርቅም።

ለሒሳብ ሠራተኛ የምመክረው የካቲትን ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ 14 ሳምንት ሰላም ያለው ጊዜ ይገኛል፤ በመካከሉ ገናና ጥምቀት ቢኖሩም። መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ከሆናችሁ የእናንተ ቀላል ወር ሌላ ይሆናል፤ በራሳችሁ ካሌንደር ፈልጉት።

አንድ ዙር መዝለል ሽንፈት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ሕጉን እንወቅ፦ በመካከለኛው ደረጃ የመፈተኛ ብዛት ገደብ የለም፣ ያለፋችሁትም አይሰረዝም። የመጨረሻውን ደረጃ ለመጨረስ የተሰጠው የሰባት ዓመት ገደብ የሚቆጠረው የዚያን ደረጃ የመጀመሪያ ፔፐር ካለፋችሁ በኋላ ነው። አንድ ዙር ስትዘሉ ሰባቱ ሳምንት ሃያ ይሆናል። ሳትዘጋጁ ከመግባት እሱ ይሻላል፤ ገንዘብም ይተርፋል።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን አስቀድሙ

ክፍያው በፓውንድ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያው ፈተና በብር ሲታሰብ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ነገር አጥብቁ። ቀድሞ የሚመዘገብ ያነሰ ይከፍላል፣ በመጨረሻው ሰዓት የሚመዘገብ ከሁሉም የበለጠ ይከፍላል፤ ቀኖቹን ከድረ ገጹ ላይ አይታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እኔ የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ዕጣዬን ከምዝገባው ቀደም ብሎ ካለው ወር ጋር ለዋወጥኩ፤ ሰብሳቢው ምክንያቱን ሲሰማ እሺ አለኝ። ሁለተኛ፣ ባትፈተኑም እንኳ ዓመታዊ የአባልነት ክፍያውን አትርሱ፤ በጃንዋሪ 1፣ ማለትም ታኅሣሥ 23፣ ይጠበቃል። ካልተከፈለ ስማችሁ ከመዝገብ ይወጣል።

መጽሐፍ ካላችሁ አዲስ አትግዙ። የድርጅቱ የራሱ የጥናት ገጽ፣ የመለማመጃ መድረኩና የፈታኞች ሪፖርቶች በነፃ ይገኛሉ፤ ኦፕን ቱዊሽን የተባለው ድረ ገጽም ትምህርቱን በነፃ ነው የሚሰጠው። የፈታኞቹን ሪፖርት ማንበብ ከየትኛውም ማጠናከሪያ ትምህርት በላይ ጠቅሞኛል።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ቦታውን ከከተማ ዳር ኑሮ ላይ ቁረጡ

ዳር ላይ የሚኖር ሰው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ይገባል፣ ደክሞታል፣ ልጅ አለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው ያልፋል። «ማታ አጠናለሁ» የሚለው ዕቅድ እኔ ላይ አራት ጊዜ ከሽፏል። የሠራልኝ ከሌሊቱ 10፡30 እስከ 12 ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት፤ በ14 ሳምንት 175 ሰዓት ይሆናል። ይህ በቂ ነው። ለዚህ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መተኛት ግድ ይላል፤ እሱ ነው ከባዱ።

የታክሲና የአውቶቡስ ጊዜን አታባክኑ የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ቆማችሁ በምትሄዱበት ሸገር አውቶቡስ ውስጥ ንባብ አይገባም፤ አትልፉ። ለምርጫ ጥያቄዎች ግን ይሆናል፦ ስልክ ላይ አሥር ጥያቄ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ። ሲመለሱ ምንም፤ ያ ሰዓት የዕረፍት ነው።

ቅዳሜ ከቤት ውጡ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጥሩ ነው፣ መንገዱ ግን ሁለት ሰዓት ሊበላ ይችላል። በየአካባቢው ያለ የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት ንባብ ክፍል ቢገኝ ይመረጣል። ላፕቶፑ ሁልጊዜ ሞልቶ ይደር፣ ጥያቄዎቹም በፒዲኤፍ ወርደው ይቀመጡ፤ መብራትና ኢንተርኔት ባንድነት የሚጠፉበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ደረጃ 6፦ ማንበብ አቁማችሁ መጻፍ ጀምሩ

የመመሪያው ልብ እዚህ ላይ ነው።

ፈተናው 3 ሰዓት፣ 100 ማርክ ነው። አንድ ማርክ 1.8 ደቂቃ ይደርሰዋል። በኦዲት የመጀመሪያው ክፍል 30 ማርክ ስለሆነ 54 ደቂቃ፤ ባለ 30 ማርኩ ጥያቄ 54 ደቂቃ፤ ሁለቱ ባለ 20 ማርኮች 36፣ 36 ደቂቃ። ድምሩ 180። ይህን ቁጥር እንደ ስማችሁ እወቁት። 36 ደቂቃው ሲሞላ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ብትሆኑም ትታችሁ ትሄዳላችሁ። ያልተነካ ጥያቄ የመጀመሪያ አምስት ማርኮች ይቀላሉ፤ የተንዛዛ መልስ የመጨረሻ ሁለት ማርኮች አይገኙም። እኔ አራት ጊዜ የወደቅኩት እነዚያን ሁለት ማርኮች ስፈልግ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ በሰዓት ተገድባችሁ ኮምፒውተር ላይ ጻፉ። ርዕሱን ገና አልከለስኩም ብላችሁ አታዘግዩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሱን አውጡና በቀይ አርሙ፤ ለራሳችሁ አትራሩ። ያልገባችሁን ብቻ ከመጽሐፉ አንብቡ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥያቄ ሳታዩ እንደገና ጻፉት።

ማርክ እንዴት እንደሚሰጥ በምሳሌ ላሳያችሁ። ዱከም ያለ አንድ ፋብሪካ የዕቃ ቆጠራውን ሰኔ 27 አደረገ እንበል፤ ሒሳቡ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ጥያቄው የኦዲት ሥጋቱንና የኦዲተሩን ምላሽ ይላል። «ቆጠራው ቀድሞ ተደርጓል» ብሎ ያቆመ ሰው ነገሩን ለይቷል እንጂ አላብራራም፤ ግማሽ ማርክ። «በሦስቱ ቀናት የገባና የወጣ ዕቃ በትክክል ላይመዘገብ ስለሚችል በዓመቱ መጨረሻ የሚታየው የዕቃ ሒሳብ ከእውነታው ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል» ሲል ይሞላል። ምላሹ ላይ «ድርጅቱ ቆጠራውን ሰኔ 30 ማድረግ አለበት» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አያገኝም፤ ያ የሥራ አመራሩ ሥራ ነው። ኦዲተሩ የሚያደርገው ከሰኔ 27 እስከ 30 ያሉትን የገቢና የወጪ ዕቃ ሰነዶች ናሙና ወስዶ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት፣ ከቆጠራው ተነስቶ የዓመቱን መጨረሻ መጠን እንደገና ማስላት ነው። የፈታኞቹ ሪፖርት ይህን ስህተት በየጊዜው ያነሳል። እኔ አራቱንም ጊዜ የሥራ አመራሩን ምላሽ ስጽፍ እንደነበር ያወቅኩት ሪፖርቱን ሳነብ ነው። የዓመታት ድካሜ ለካ በአንድ ገጽ ይታረም ኖሯል።

«ደረሰኙን ማየት» የሚል መልስም ማርክ አይወልድም። የትኛው ሰነድ፣ ከምን ጋር ይመሳከራል፣ ምን ለማረጋገጥ? ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያዙ።

ስለ እንግሊዝኛውም አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን ቋንቋችን እንዳያሳፍረን ረጅምና ያማረ ዓረፍተ ነገር ለመሥራት እንለፋለን። ፈታኙ ነጥብ ይቆጥራል እንጂ ውበት አይመዝንም። ሐሳቡን በአማርኛ ጨርሱት፣ ከዚያ በአጭር እንግሊዝኛ አስፍሩት፤ አንድ ነጥብ፣ አንድ አንቀጽ፣ በመካከሉ ባዶ መስመር። እኔ የዘይቤ ነገር ስተው ፍጥነቴ ወዲያው ጨመረ።

ደረጃ 7፦ ቤተሰብና ማኅበራዊ ኑሮ

ዕቅዱን ለቤተሰብ በቀንና በሰዓት ንገሩ። «ይኼ ፈተና እስኪያልፍ» ማለት ለአምስት ዓመት ሲነገር የኖረ ቃል ነው፤ ማንም አያምነውም። «እስከ የካቲት 25 ቅዳሜን ስጡኝ፣ እሑድ የእናንተ ነኝ» ግን ይታመናል፤ እሑድን በእውነት ከሰጣችኋቸው።

ለቅሶ አይቀርም። የዕድር አባል የሆነ ሰው ጎረቤቱ ሲሞት ጥያቄ እየሠራሁ ነው አይልም፤ ቢልም ልቡ አያርፍም። ሠርግ ግን ይቀራል፤ ስጦታውን አስቀድማችሁ ላኩ፣ ምክንያቱን በግልጽ ተናገሩ። ክርስትና፣ ምርቃት፣ የልደት ጥሪ፦ ባለቤት ወይም እህት ቤቱን ወክላ ትሂድ። ለ14 ሳምንት ነው፤ የሚቀየም ሰው ኋላ ይታረቃል።

እናቴ በስልክ በየሳምንቱ «ልጄ፣ ውጤት መጣ ወይ?» ትለኝ ነበር። ከመጨረሻው ዙር በፊት የሚወጣበትን ቀን ነገርኳትና «እስከዚያ አትጠይቂኝ፣ ጸልዪልኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል የምታወራኝ ስለ ጤፉ ዋጋ ሆነ። ለሁለታችንም ዕረፍት ነበር።

መሥሪያ ቤት «አሁንም እሱን ፔፐር ነው?» የሚል አይጠፋም። «አዎ፣ የካቲት ላይ እቀመጣለሁ» በሉና ሥራችሁን ቀጥሉ። ተመሳሳይ ፔፐር የሚፈተን ሌላ ሰው ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁለቴ ወድቃ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መልሳችንን ተለዋውጠን እንተራረም ነበር። የራሴን ስህተት ከእሷ ወረቀት ላይ ቶሎ አየሁት።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት

ሦስት ሙሉ ሞክ (የልምምድ ፈተና)፣ በየቅዳሜው አንድ፣ ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት፣ በመለማመጃ መድረኩ ላይ። ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የመጀመሪያው ሞክ ውጤት ከ50 ቢያንስ አትደንግጡ፤ የእኔ 43 ነበር፣ ሦስተኛው 55። በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ርዕስ አትክፈቱ፤ በቀይ ያረማችኋቸውን ገጾች ብቻ ደግማችሁ እዩ።

ደረጃ 9፦ የፈተናው ቀን

ከዳር የሚመጣ ሰው ትልቁ ጠላት መንገድ ነው። ቢቻል ማዕከሉ አቅራቢያ ያለ ዘመድ ቤት እደሩ። ካልተቻለ ከሳምንት በፊት በዚያው ቀንና ሰዓት መንገዱን ሞክሩት፤ እኔ ስሞክረው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ፣ በዕለቱ ለሁለት ሰዓት ተኩል አስቤ ወጣሁ። የመግቢያ ወረቀቱን ቀድማችሁ አትሙ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ከምዝገባው ጋር መግጠሙን ቀደም ብላችሁ አረጋግጡ። የየካቲቱ ዙር በአንዳንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል የምትጾሙ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ባዶ ሆድ ሦስት ሰዓት መጻፍ ከባድ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስትቀመጡ ከሁሉም በፊት ማስታወሻ ወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ ጥያቄ የሚያልቅበትን ሰዓት ጻፉ። ሰዓቱ ሲደርስ እለፉ።

ስትወጡ ከማንም ጋር መልስ አታስተያዩ። ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ቦታ እንዳገኛችሁ ያንን ደብተር አውጡና አዲስ ገጽ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ባዶ የቀረ ክፍል አለ ወይ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጀምሩ ስንት ደቂቃ ነበር፣ በየትኛው ጥያቄ ሰዓቱን ጣሳችሁ። የእኔ አምስተኛ ገጽ «ባዶ የለም፣ 36 ደቂቃ፣ የትም» ይላል። ጽፌ ደብተሩን ቦርሳዬ ከተትኩና እስከ ቱሉ ዲምቱ ተኛሁ።